ረስቶ የሚነሳ ኮምፒውተር፦ የትንሽ ቢሮ ማሽኖችን ንጹህ አድርጎ የማቆየት ታሪክ

አራት ኮምፒውተር ያለው አንድ ትንሽ ቢሮ እንውሰድ። በአንዱ ጸሐፊዋ ደብዳቤ ትጽፋለች፤ በሌላው የሒሳብ ሠራተኛው ፒችትሪ ከፍቶ ደረሰኝ ያስገባል፤ ሦስተኛው የሥራ አስኪያጁ ነው፤ አራተኛው ፕሪንተር የተሰካበት ስለሆነ የገባ የወጣው ሁሉ ይነካካዋል። ሰርቨር የሚባል የለም፣ የአይቲ ክፍልም የለም። ማሽኖቹ በአንዲት ስዊች ተያይዘው አንድ ፎልደር ይጋራሉ፤ በቃ። አዲስ ሲገዙ ፈጣን ነበሩ። ስምንት ወር ሳይሞላቸው ግን ለመነሳት አምስት ደቂቃ ይፈጅባቸዋል፣ ብሮውዘሩ ማንም ያልመረጠውን ገጽ ይከፍታል፣ ፍላሽ ሲሰካ ፎልደሮቹ ጠፍተው በምትካቸው ሾርትከት ይደረደራል። በመጨረሻ ኮምፒውተር ጠጋኙ ይጠራና ሁላችንም በቃላችን የምናውቀውን ፍርድ ይሰጣል፦ «ፎርማት ይደረግ።»

ፎርማት ማድረግ ይሠራል። ለሌላ ስምንት ወር ይሠራል ማለቴ ነው። ታዲያ ማሽኑን ከቆሸሸ በኋላ ከማጠብ ይልቅ እንዳይቆሽሽ ማድረግ፣ ወይም በየቀኑ ራሱ ታጥቦ እንዲነሳ ማድረግ አይቻልም ወይ? ይቻላል። ሰዎች ከ40 ዓመት በላይ ሲሞክሩት ኖረዋል፤ አንዳንዶቹ ዘዴዎች እጅግ ብልህ ናቸው። ግን እያንዳንዱ ዘዴ የሆነ ነገር ያስከፍላል፤ ያችን ክፍያ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚከፍላት እንዲህ ያለው ትንሽ ቢሮ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለት ዲስክ

ታሪኩን ከ1981 እንጀምር። በዚያ ዓመት አይቢኤም ያወጣው ፒሲ በመሠረታዊ ይዞታው ሃርድ ዲስክ አልነበረውም። ሥርዓተ ክወናው፣ ማለትም ዶስ፣ የሚኖረው በፍሎፒ ዲስክ ላይ ነበር። ጠዋት የዶስን ዲስክ ትከታላችሁ፣ ማሽኑ ይነሳል፤ ከዚያ የሥራችሁን ዲስክ ትከታላችሁ። ማታ ስታጠፉት ሚሞሪው የያዘውን ሁሉ ይረሳል። ማሽኑ በውስጡ ምንም የሚያስቀምጥበት ቦታ ስለሌለው ሊቆሽሽም አይችልም።

ዲስኩ ራሱ ቢቆሽሽስ? ለሱም መላ ነበረው። የ5.25 ኢንቹ ፍሎፒ ጠርዝ ላይ ተቆርጣ የወጣች ትንሽ ክፍተት አለች። ያችን ክፍተት በተለጣፊ ወረቀት ከሸፈናችኋት የዲስክ ድራይቩ መጻፍ እምቢ ይላል። ይህን የሚወስነው ሶፍትዌር ሳይሆን የድራይቩ የራሱ ሃርድዌር ነው፤ ስለዚህ ምንም ያህል ተንኮለኛ ፕሮግራም ቢመጣ ወረቀቷን ሊልጣት አይችልም። እንደ መሐንዲስ ሳየው፣ ከዚያ ወዲህ በኮምፒውተር ደህንነት ከተሠሩት ብዙ ነገሮች ይልቅ ይህች ቁራጭ ወረቀት ታስቀናኛለች።

ልብ በሉ፣ እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ተለያይተው ነበር። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ሥርዓት በአንድ ዲስክ፣ የሰውየው ሥራ በሌላ ዲስክ። የመጀመሪያው ቢጠፋ ሌላ ቅጂ ይገኛል። ሁለተኛው ቢጠፋ ግን ጠፋ ነው። በ1983 አይቢኤም 10 ሜጋባይት ሃርድ ዲስክ ያለውን ኤክስቲ የተባለ ማሽን ሲያወጣ ሁለቱ አንድ ቤት ገቡ። ምቾቱ ትልቅ ነበር፤ ዲስክ መቀያየር ቀረ። ነገር ግን ዶስ «ይህ የሥርዓቱ ነው፣ አትንካ» የሚል ሕግ አልነበረውም፤ ማንኛውም ፕሮግራም ደስ ያለው ቦታ ላይ ይጽፍ ነበር።

በ1986 በፓኪስታን፣ ላሆር ከተማ፣ ሶፍትዌር የሚሸጡ ባሲትና አምጃድ ፋሩክ አልቪ የተባሉ ወንድማማቾች የሠሩት ብሬይን የተባለ ፕሮግራም መሰራጨት ጀመረ። ለአይቢኤም ፒሲ የመጀመሪያው ቫይረስ ተደርጎ ይቆጠራል። ብሬይን የሚቀመጠው ማሽኑ ሲነሳ ከሁሉ በፊት በሚያነበው የፍሎፒው ክፍል ላይ ነበር፤ ከዚያ የሚገባውን ሌላ ፍሎፒ ሁሉ ይበክላል። የሚያስቀው ነገር ወንድማማቾቹ ስማቸውን፣ አድራሻቸውንና ስልክ ቁጥራቸውን ውስጡ ጽፈው መልቀቃቸው ነው፤ ዓላማቸው ሶፍትዌራቸውን ያለ ፈቃድ የሚገለብጡትን ማወቅ እንደነበር ተናግረዋል። ክፍተቷ በወረቀት የተሸፈነችበትን ፍሎፒ ግን ብሬይንም ሊበክል አልቻለም።

ማሽኑን አትመኑ

በዚሁ ዘመን በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ ባጭሩ ኤምአይቲ፣ ሌላ ዓይነት መልስ እየተሠራ ነበር። ሥሩ ወደ 1975 ይመለሳል። ጀሮም ሳልትዘርና ማይክል ሽሮደር በዚያ ዓመት ባሳተሙት ጽሑፍ መረጃን በኮምፒውተር ውስጥ ለመጠበቅ የሚያስፈልጉ መርሖችን አስቀመጡ። እስከ ዛሬ በየክፍሉ የሚጠቀሰው መርሕ ይህ ነው፦ ለማንኛውም ተጠቃሚና ለማንኛውም ፕሮግራም ሥራውን ለመሥራት የግድ ከሚያስፈልገው በላይ ሥልጣን አይሰጥ። ብዙ የማይወራለት ሌላ መርሕም አለ፦ ጥበቃው ለሰው አጠቃቀም የሚመች መሆን አለበት፤ ካልሆነ ሰዎች በትክክል አይጠቀሙበትም። ይህን ሁለተኛውን ያዙልኝ፤ ወደኋላ እንፈልገዋለን።

በ1983 ኤምአይቲ ከአይቢኤምና ከዲጂታል ኢኪፕመንት ኩባንያዎች ጋር አቴና የተባለውን ፕሮጀክት ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ ያው ሳልትዘር የቴክኒክ ዳይሬክተሩ ሆነ። ሐሳቡ ተማሪዎች የሚጠቀሙባቸውን ኮምፒውተሮች በግቢው ሁሉ መዘርጋት ነበር። ችግሩ ግልጽ ነው፦ ማሽኖቹ ያሉት ጠባቂ በሌለበት ክፍል ውስጥ ነው፣ ተጠቃሚዎቹ ደግሞ የኤምአይቲ ተማሪዎች ናቸው። እነሱን በቁልፍ አሸንፋለሁ ማለት ዘበት ነው።

ስለዚህ አልቆለፉም። የሕዝብ ማሽኖቹ ሙሉ ሥልጣን የሚሰጠው ፓስወርድ በግልጽ የሚታወቅ ነበር። ይህን ስትሰሙ እብደት ሊመስላችሁ ይችላል፤ ግን አስቡት። የተማሪው ፋይል የሚቀመጠው በሰርቨር ላይ ነው። አብዛኛው ሶፍትዌርም ከሰርቨር ይመጣል። «አንተ ማነህ?» የሚለውን ጥያቄ የሚጠይቀው ከፊታችሁ ያለው ማሽን ሳይሆን በተቆለፈ ክፍል ውስጥ ያለ ከርበሮስ የተባለ አገልግሎት ነው። (ስሙ በግሪክ አፈ ታሪክ የሲኦልን በር ከሚጠብቀው ባለ ሦስት ራስ ውሻ የተወሰደ ነው።) ተማሪው ሥራውን ጨርሶ ሲነሳ ማሽኑ ላይ የሚቀር የሱ ነገር የለም። አንድ ሰው ማሽኑን ቢያበላሸው ሶፍትዌሩ እንደገና ይጫንበታል፤ የሚያለቅስ የለም። ሁለቱ ዲስኮች እንደገና ተለያዩ ማለት ነው፤ ልዩነቱ የሥራው ዲስክ አሁን ሌላ ሕንፃ ውስጥ መሆኑ ነው።

ከርበሮስ ዛሬም አለ። ማይክሮሶፍት በ2000 ባወጣው ዊንዶውስ 2000 ውስጥ አስገባው፤ ትልልቅ ባንኮችና ዩኒቨርሲቲዎች ሠራተኞቻቸውን የሚያስገቡት በሱ ነው። ግን የሚያስከፍለውን ተመልከቱ፦ ሰርቨር፣ ሰርቨሩን የሚያውቅ ቋሚ ሰው፣ የማይቋረጥ ኔትወርክ፣ የማይጠፋ መብራት። ባለ አራት ኮምፒውተሩ ቢሮ ከነዚህ አንዱም የለውም።

ዳኛ የሌለው እድር

ትንንሽ ቢሮዎች የሄዱት በሌላ መንገድ ነው። በ1992 ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ፎር ወርክግሩፕስ የተባለውን አወጣ። ወርክግሩፕ ማለት ያለ ማዕከላዊ ሰርቨር ፋይልና ፕሪንተር የሚጋሩ ጥቂት ማሽኖች ስብስብ ነው። ዳኛ የሌለው እድር በሉት። አባላቱ ይተዋወቃሉ፣ ዕቃ ይዋዋሳሉ፤ ለሁሉም የሚጸና ውሳኔ የሚሰጥ ግን የለም። ደንብ ካወጣችሁ አራቱም ማሽን ጋ እየዞራችሁ አራት ጊዜ ትጽፉታላችሁ። ሠራተኛ ሲለቅ ስሙን ከአራቱም ትሰርዛላችሁ። (አትሰርዙም እንጂ። ማንም አይሰርዝም።)

በዚያ ላይ ቢሮዎቹ የተጠቀሙባቸው ዊንዶውስ 95ና 98 በዶስ ላይ ቆመው ስለነበር እውነተኛ የሥልጣን ወሰን አልነበራቸውም። ስምና ፓስወርድ የሚጠይቀው ሳጥን ሲመጣ በተለመደው አቀማመጥ «እስኬፕ» የምትለዋን ቁልፍ መጫን ይበቃ ነበር፤ ሳጥኑ ይጠፋል፣ ዴስክቶፑ ይከፈታል። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ኮንትሮል ፓነሉን መደበቅ፣ አይከኖችን ማጥፋት ሞከሩ። ተማሪዎች ወርድ ከፍተው «ፋይል ክፈት» የሚለው መስኮት ውስጥ ገብተው ሃርድ ዲስኩን ሁሉ ማሰስ እንደሚችሉ ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባቸውም። በሩን በመጋረጃ ሸፍኖ ተቆልፏል እንደማለት ነበር።

ማይክሮሶፍት እውነተኛ ቁልፍ አልነበረውም ማለት አይደለም። በ1993 የወጣው ዊንዶውስ ኤንቲ ለእያንዳንዱ ፋይል «ማን ያንብብ፣ ማን ይጻፍ» ብሎ መወሰን ይችል ነበር። ይህ ቁልፍ ለተራው ሰው የደረሰው በ2001፣ ከዊንዶውስ ኤክስፒ ጋር ነው። ደርሶም ግን ብዙዎች አልቆለፉበትም፤ ኤክስፒ ሲጫን የሚፈጥራቸው የተጠቃሚ አካውንቶች ሙሉ ሥልጣን ያላቸው ነበሩና። የሳልትዘርና የሽሮደር መርሕ ተገለበጠ፦ ደብዳቤ የምትጽፈው ጸሐፊ የሥርዓቱን አንጀት የመቀየር ሥልጣን ነበራት። እሷ የምትከፍተው ማንኛውም ፋይል፣ የምትሰካው ማንኛውም ፍላሽም እንዲሁ።

ለምን እንዲህ ሆነ? ብዙ ጊዜ ጥፋቱ በተጠቃሚው ላይ ይላከካል፤ እኔ ግን አልስማማም። በዶስና በዊንዶውስ 95 ዘመን የተጻፉ ፕሮግራሞች የሥራ ፋይላቸውን እዚያው የራሳቸው መጫኛ ፎልደር ውስጥ ወይም የዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ የመጻፍ ልማድ ነበራቸው። ሠራተኛውን ሥልጣኑ ውስን የሆነ አካውንት ስትሰጡት ፕሮግራሙ አልነሳም ይላል፣ ወይም ግማሽ መንገድ ሄዶ ይሞታል። ወር መጨረሻ ላይ ደመወዝ መከፈል አለበት፤ ስለዚህ ጠጋኙ ሙሉ ሥልጣኑን ይመልስለታል። ያዙልኝ ያልኳችሁ መርሕ ይኸው ነው፦ ጥበቃው ካልተመቸ ይታለፋል።

በ2007 ለሕዝብ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ይህን ለማስተካከል ሞከረ። ሙሉ ሥልጣን ያለው ሰው እንኳ በአዘቦት ቀን በውስን ሥልጣን ይሠራል፤ ሥርዓቱን የሚነካ ነገር ሲመጣ ስክሪኑ ይጨልምና «ልፍቀድለት?» ተብሎ ይጠየቃል። ሰዎች ተማረሩበት፣ ብዙዎች አጠፉት፣ ቪስታም መቀለጃ ሆነ። እኔ ግን ለቪስታ እሟገትለታለሁ፤ ምክንያቱም ያ የሚያሰለች ጥያቄ የሶፍትዌር ሠሪዎችን ልማዳቸውን እንዲቀይሩ አስገደዳቸው። ዛሬ ውስን አካውንት ይዞ ቀኑን ሙሉ ያለ ችግር መሥራት የሚቻለው ከዚያ በኋላ ነው።

ፎቶ ማንሳትና ማቀዝቀዝ

ሌሎች ሰዎች ደግሞ «መቆሸሹ አይቀርም፤ እኛ ማጠቡን እናፍጥነው» አሉ። በ1990ዎቹ አጋማሽ በኒውዚላንድ፣ ኦክላንድ ከተማ፣ መሪ ሃዛርድ የተባለ ሰው ጎስት የተሰኘውን ፕሮግራም ሠራ። ጎስት የተዘጋጀውን ሃርድ ዲስክ እንዳለ አንድ ፋይል ውስጥ ይከተዋል፤ ሥርዓቱን፣ ፕሮግራሞቹን፣ ፎንቶቹን፣ የፕሪንተሩን ድራይቨር ሁሉ። የዲስኩ ፎቶ በሉት። ማሽኑ ሲበላሽ ፎቶውን መልሳችሁ ትገለብጡታላችሁ። ዊንዶውስ ጭኖ፣ ኦፊስ ጭኖ፣ ፓወር ግዕዝ ጭኖ፣ ፕሪንተር ፈልጎ ግማሽ ቀን የሚፈጀው ሥራ ቡና እስኪፈላ አለቀ። ሲማንቴክ የተባለው ኩባንያ በ1998 ገዛው።

ቀጣዩ እርምጃ ግን እኔን ይበልጥ ይማርከኛል። በካናዳ፣ ቫንኩቨር የሚገኘው ፋሮኒክስ የተባለ ኩባንያ ዲፕ ፍሪዝን ሠራ። ኢንተርኔት ካፌ ወይም የዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ተቀምጣችሁ የምታውቁ ከሆነ ከሰዓቱ አጠገብ አንዲት ነጭ የዋልታ ድብ ተቀምጣ አይታችሁ ይሆናል። ድቧ ካለች ማሽኑ «ቀዝቅዟል» ማለት ነው። የፈለጋችሁትን ጫኑ፣ አጥፉ፣ ቫይረስም አስገቡ፤ ሪስታርት ሲደረግ ሁሉም እንደነበረ ይመለሳል። እኛ ዘንድ ካፌዎችና የትምህርት ተቋማት በሰፊው ተጠቀሙበት፤ «ዲፕ ፍሪዝ አለው፣ ፍላሽ ላይ ሴቭ አርጉ» የሚል ወረቀት ግድግዳ ላይ መለጠፍ የተለመደ ነበር።

አስተውሉ፣ ማሽኑ ሲመለስ ምንም አይገለብጥም፤ ስለዚህም ነው ጊዜ የማይወስደው። ታዲያ እንዴት ይሠራል? ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጥርት ያለ ፕላስቲክ ዘርግታችሁ ተማሪዎቹን «ጻፉ» ብትሏቸው የሚጽፉት ፕላስቲኩ ላይ ነው፤ ለነሱ ግን ሰሌዳው ላይ የጻፉ ይመስላቸዋል። ማታ ፕላስቲኩን ገፋችሁ ትጥሉታላችሁ። በዲስክ ቋንቋ ስንናገረው፣ ሃርድ ዲስክ ቁጥር የተሰጣቸው ትንንሽ ክፍሎች አሉት። በዊንዶውስና በዲስኩ መካከል አንድ ድራይቨር ይቀመጣል። ዊንዶውስ «ክፍል 5000 ላይ ይህን ጻፍ» ሲል ድራይቨሩ እሺ ብሎ ባዶ ቦታ ላይ፣ ለምሳሌ ክፍል 90000 ላይ፣ ይጽፈዋል፤ በሰንጠረዡም «5000 ሲጠየቅ 90000ን ስጥ» ብሎ ይመዘግባል። ዊንዶውስ መልሶ ሲያነብ የጻፈውን ያገኛል፤ ምንም አይጠረጥርም። እውነተኛው ክፍል 5000 ግን አልተነካም። ማሽኑ እንደገና ሲነሳ ሰንጠረዡ ባዶ ሆኖ ይጀምራል። የጠፋው መረጃው ሳይሆን አድራሻው ነው። የ1981ዋ ተለጣፊ ወረቀት በሶፍትዌር ተመለሰች ማለት ይቻላል፤ እንደ ወረቀቷ በሃርድዌር የተደገፈች ባትሆንም።

ለካፌ ይህ ልክ የተሰፋ ልብስ ነው። ደንበኛው ሒሳቡን ከፍሎ ይሄዳል፤ የሱ ነገር እንዲቀር ማንም አይፈልግም። ያም ሆኖ አንድ ወጥመድ አለ፦ ማሽኑ የሚታጠበው ሪስታርት ሲደረግ ብቻ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት የገባ ሰው የሚጻፈውን ሁሉ የሚቀዳ ፕሮግራም ቢያስገባ፣ ማሽኑም እስከ ማታ ካልጠፋ፣ በመካከል የተቀመጡት ደንበኞች ሁሉ ፓስወርዳቸውን ለሱ ሲሰጡ ይውላሉ። ድቧ እዚያው ቁጭ ብላ እያየች።

ቢሮ ግን ካፌ አይደለም። ቢሮ ውስጥ ትናንት የተሠራው ዛሬ መኖር አለበት። ዲፕ ፍሪዝ የተጫነበት ማሽን ላይ የሒሳብ ሠራተኛው ቀኑን ሙሉ ደረሰኝ ሲያስገባ ቢውልና ዳታው ሲ ድራይቭ ላይ ቢሆን፣ መብራት ብልጭ ብሎ ሲመለስ የቀኑ ሥራ የለም። ስለዚህ ጠጋኙ ሃርድ ዲስኩን ለሁለት ይከፍለዋል፤ ሲ ይቀዘቅዛል፣ ዲ ሳይቀዘቅዝ ይቀራል፣ «ሥራችሁን ዲ ላይ አስቀምጡ» ይባላል። ጸሐፊዋ ግን ለአሥር ዓመት ዴስክቶፕ ላይ ነው ያስቀመጠችው፤ ዴስክቶፕ ደግሞ ሲ ላይ ነው። አንቲቫይረሱም በየጠዋቱ ወደ ቀዘቀዘበት ቀን ዕውቀት ይመለስና ዝማኔውን እንደገና ከኢንተርኔት መሳብ ይጀምራል፤ አራቱም ማሽኖች፣ በየቀኑ፣ በዚያችው ቀጭን መስመር። አዲስ ፕሪንተር ሲገዛ «ማን ያቅልጠው?» ይባላል። ፓስወርዱን የሚያውቀው ልጅ ከለቀቀ ሁለት ዓመቱ ነው።

ማይክሮሶፍትም ሞክሮት ነበር። በ2005 ለጋራ ኮምፒውተሮች የሚሆን የመሣሪያ ስብስብ አወጣ፤ በ2007 ደግሞ አሻሽሎ ዊንዶውስ ስቴዲስቴት አለው። ነጻ ነበር፣ ሰርቨር አይፈልግም፣ በወርክግሩፕ ላይ ይሠራል። ለውጦችን በየሪስታርቱ መጣል፣ ወይም እስከተወሰነ ቀን ማቆየት፣ ወይም በቋሚነት መቀበል ይቻል ነበር፤ የዊንዶውስ ዝማኔ የሚገባበትንም ሰዓት ራሱ ያስተናግድ ነበር። በእኔ አስተያየት ከሁሉም ለትንሽ ቢሮ የቀረበው እሱ ነው። ግን ለዊንዶውስ 7 አልተዘጋጀም፤ በ2010 መጨረሻ ማውረድ ቀረ፣ በ2011 አጋማሽ ድጋፉ ቆመ።

ቀዳዳውም አብሮ ይመለሳል

በ2008 ኦክቶበር 23 ማይክሮሶፍት ከተለመደው የዝማኔ ቀኑ ውጭ አንድ አስቸኳይ ማስተካከያ አወጣ። ዊንዶውስ ፋይል የሚጋራበት አገልግሎት ውስጥ ቀዳዳ ተገኝቶ ነበር፤ በኔትወርክ ብቻ፣ ማንም ምንም ሳይነካ፣ ማሽኑን መቆጣጠር ይቻላል። በኖቬምበር ኮንፊከር የተባለው ትል በዚያች ቀዳዳ እየገባ መስፋፋት ጀመረ። ቆየት ብሎ በፍላሽ መጓዝና በኔትወርኩ ላይ ያሉትን ማሽኖች ፓስወርድ በግምት መሞከርም ተማረ፤ ከያዛቸው ግምቶች መካከል እንደ 12345 ያሉ ነበሩ። በብዙ ሚሊዮን የሚቆጠሩ ማሽኖች ተያዙ።

አሁን በዚያ ዓመት ሴፕቴምበር ላይ የቀዘቀዘ ኮምፒውተር አስቡ። ጠዋት ሲነሳ ንጹህ ነው፤ ትል የለበትም። ነገር ግን ማስተካከያውም የለበትም። ከጎኑ ያለው ማሽን ከተያዘ ብዙም ሳይቆይ ይያዛል። ሪስታርት ታደርጉታላችሁ፣ ይድናል፤ መልሶ ይያዛል። ማቀዝቀዝ ማሽኑን ወደ አንድ ቀን ይመልሰዋል፤ ያ ቀን ደግሞ ከነቀዳዳዎቹ ነው የሚመለሰው። በእርግጥ እንደ ዲፕ ፍሪዝ ያሉት ፕሮግራሞች ማታ ለዝማኔ የሚቀልጡበትን ሰዓት ማስያዝ ይቻላል። ግን ማሽኑ ማታ መብራት ማግኘት አለበት፤ ስንት ቢሮ ነው ሲወጣ ቆጣሪውን የማያጠፋው?

በ2017 ነገሩ ባሰ። ማርች 14 ላይ ማስተካከያ የወጣለት፣ ያው ፋይል መጋሪያ ውስጥ የተገኘ ሌላ ቀዳዳ ነበር፤ ሜይ 12 ላይ ዋናክራይ በሱ ገብቶ የብሪታንያን ሆስፒታሎች ጭምር ሥራ አስፈታ። ዋናክራይ ከኮንፊከር የሚለየው የሚፈልገው ዊንዶውሱን ሳይሆን ሰነዶቹን መሆኑ ነው። ይቆልፋቸውና ገንዘብ ይጠይቃል። እንዲህ ያለ ነገር ወደ ባለ አራት ኮምፒውተሩ ቢሮ ቢገባ፣ የቀዘቀዘው ሲ ድራይቭ በሪስታርት ከነግርማው ይመለሳል። ያልቀዘቀዘው ዲ እና ያ የጋራ ፎልደር ግን ተቆልፈው ይቀራሉ፤ የሁለት ዓመት ሒሳብ፣ ውሎች፣ የደንበኛ ዝርዝር። እዚህ ላይ የዘዴው ትልቁ ጉድለት ይታያል። በጥንቃቄ የጠበቅነው ከየትም ልናገኘው የምንችለውን ዊንዶውስ ነው፤ ሳይጠበቅ የቀረው ዓለም ላይ ሌላ ቅጂ የሌለው የሰዎቹ ሥራ ነው።

ስልካችሁን አውጡና ተመልከቱት። የዛሬ ስልክ ሥርዓቱን መጻፍ በማይቻልበት ክፍል ያስቀምጣል፣ ሲነሳም ማንም እንዳልነካካው ያረጋግጣል፤ የእናንተ ፎቶና መልእክት በሌላ ክፍል ነው። በ2011 ለገበያ የቀረበው ክሮምቡክም እንዲሁ ነው፤ የሥርዓቱን ሁለት ቅጂ ይይዛል፣ አዲሱን አንዱ ላይ ጭኖ በሚቀጥለው መነሻ ይቀይራል፣ አዲሱ ካልሠራ ወደ አሮጌው ይመለሳል። ሁለቱ ዲስኮች እንደገና ተለያዩ፤ በዚህ ጊዜ ግን ሥርዓቱ ሳይቆሽሽም ሳያረጅም። ፒችትሪ ግን ክሮምቡክ ላይ አይነሳም።

ስለዚህ ባለ አራት ኮምፒውተሩ ቢሮ ዛሬ ምን ያድርግ ብትሉኝ፣ ከማቀዝቀዝ በፊት እዚያው ዊንዶውስ ውስጥ ያለውን ቁልፍ እጠቀም ነበር። ሥራ አስኪያጁን ጨምሮ ለሁሉም ውስን አካውንት፤ ሙሉ ሥልጣን ያለው አንድ አካውንት በየማሽኑ የተለያየ ፓስወርድ ኖሮት፣ ፓስወርዶቹ በታሸገ ፖስታ ካዝና ውስጥ፤ በጠጋኙ ልጅ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ አይደለም። ዝማኔው ክፍት። ለክፉ ቀን አንድ የዲስክ ፎቶ። ሥራው ደግሞ በየሳምንቱ ወደ ሁለት ውጫዊ ሃርድ ዲስኮች በየተራ ይገለበጣል፣ ዲስኩም ወዲያው ይነቀላል፤ ያልተሰካን ዲስክ በኔትወርክ የሚቆልፍ ቫይረስ የለም። ከሦስት ወር አንዴ ከዚያ ዲስክ ላይ ፋይል መልሶ ከፍቶ ማየትም ያስፈልጋል። በእንግዳ የሚነካካውን አራተኛውን ማሽን ብቻ አቀዘቅዘው ነበር።

ችግሩ «ዝማኔው ክፍት» ያልኩት ነገር ራሱ አሁን እየተዘጋ መሆኑ ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ በ2025 ኦክቶበር 14 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደህንነት ክፍልና አዳዲስ ፕሮሰሰር ስለሚጠይቅ፣ ከ2017 በፊት የተሠሩ አብዛኞቹ ማሽኖች መስፈርቱን አያሟሉም። ለጊዜው የተራዘመ ዝማኔ ተመዝግቦ ወይም ከፍሎ ማግኘት ይቻላል፤ ይህን የማያደርግ ቢሮ ግን ድቧ ከሰዓቱ አጠገብ ባትኖርም ማሽኖቹ ኦክቶበር ላይ ቀዝቅዘዋል።